መልካ ጀብዱን ማን ያገኛታል?

መልካ ጀብዱ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ የምትገኝ፣ ስሟ በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር የሚያሳስብ ሰፈር ናት። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ «ጀብዱ» ግን ለአማርኛ አንባቢ ቶሎ የሚያስታውሰው የጀግና ሥራን ነው። የአካባቢው ሰው በዚህ አይደናገርም። ፊደል ከፊደል የሚያዛምድ የኢንተርኔት መፈለጊያ ግን ስለ ቦታዋ የተጻፈ በቂ ነገር ካላገኘ ቃሉን ነጥሎ ወደ ጀግኖች ታሪክ ቢነጉድ አይፈረድበትም። የመልካ ጀብዱ ዕጣ የብዙ ሰፈሮቻችንና ከተሞቻችን ዕጣ ነው። እንደ ጎግል ያሉ መፈለጊያዎች ሲያጡን «ረሱን፣ ናቁን» ማለት ይቀናናል። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ከችግሩ የሚበዛው ክፍል በእኛው እጅ ያለ ነው፤ ማሽኑ የሚያነበው ጽሑፍ አላስቀመጥንለትም።

ይህን ለመረዳት የፍለጋን አሠራር ማየት ይጠቅማል። ብዙ ሰው ቃል ጽፎ ሲጫን ማሽኑ በዚያች ቅጽበት ዓለምን የሚያስስ ይመስለዋል። ሥራው ግን ቀድሞ ያለቀ ነው። «ሸረሪት» የሚባሉ ፕሮግራሞች ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በማያያዣ (ሊንክ) እየተሻገሩ ያገኙትን ሁሉ ያነባሉ፤ ከዚያ በመጽሐፍ ጀርባ እንደምናየው የቃላት ማውጫ፣ የትኛው ቃል በየትኛው ገጽ እንዳለ ይመዘገባል። እኛ ስንጠይቅ የሚገለጠው ይህ ማውጫ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከሺህ ገጾች የትኛው ይቅደም የሚለው ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ጎግልን ሲመሠርቱ ይዘውት የተነሡት መልስ እያንዳንዱ ማያያዣ እንደ ምስክርነት ይቆጠር የሚል ነበር፤ ብዙ የታመኑ ገጾች የሚጠቁሙት ገጽ ከፍ ይላል። ዛሬ መመዘኛው እጅግ ቢበዛም ይህ ሐሳብ አልተሻረም። ነገሩን የመልካ ጀብዱ ስም ራሱ ያስረዳዋል፦ አገሩን የማያውቅ መንገደኛ ወንዝ ዳር ሲደርስ መሻገሪያውን የሚለየው ብዙ እግር ከረገጠው ዱካ ነው። ዱካ የሌለበት መልካ፣ ውኃው ጉልበት እንኳ ባይደርስ፣ ለእንግዳ መልካ አይደለም።

አሁን ዱካችንን እንመርምር። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጣና በድሬዳዋ፣ በመልካ ጀብዱ አካባቢ ሥራ መጀመሩ ተበሠረ። እንዲህ ያለ ነገር ሥራ ፈላጊውን፣ ነጋዴውን፣ መሬቱ የሚነካበትን አርሶ አደር ሁሉ ጥያቄ ያስጠይቃል፦ ምን ዓይነት ሠራተኛ ይፈለጋል? ካሳ እንዴት ይሰላል? ማመልከቻ የት ይገባል? በአገራችን የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ማኅተም አርፎበት፣ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ፣ በፌስቡክ ተለጥፎ ነው። ለሰው ዓይን ጽሑፍ የሆነው ወረቀት ለሸረሪቷ ሥዕል ነው። ማሽኖች ከሥዕል ላይ ፊደል መልቀም ቢጀምሩም በግዕዝ ፊደል ላይ ያላቸው ችሎታ የላቲኑን ያህል አልዳበረም። በማኅበራዊ ገጽ የተለጠፈው ደግሞ አብዛኛው ከመግቢያ በር በስተጀርባ ይቀራል፤ በማግስቱም በአዲስ ወሬ ይቀበራል።

ጽሑፉ ሲኖር ደግሞ አጻጻፉ ይለያያል። አንድ ወጣት «ሥራ ድሬዳዋ መልካ ጀብዱ» ብሎ ይፈልግ። «ሥራ»ን በንጉሡ «ሠ» ወይም በእሳቱ «ሰ» ይጽፈዋል፤ ሁለት ሆነ። ከተማዋ ድሬዳዋ፣ ድሬ ዳዋ፣ ድሬደዋ፣ ድሬ ደዋ እየተባለች ትጻፋለች፤ ሁለቱ በአራት ሲባዛ ስምንት። መልካ ጀብዱን ገጥመው የሚጽፏትም ለይተው የሚጽፏትም ስላሉ አሥራ ስድስት። በላዩ «በ»፣ «ከ»፣ «የ» የሚሉትን ከቃሉ ጋር የሚጣበቁ መነሻዎች፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ደግሞ በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ስሟን ጨምሩበት። መፈለጊያው አንዳንዱን ያዛምዳል፤ ሁሉንም ያዛምዳል ብሎ መተማመን ግን አይቻልም። ያለን ጥቂት ጽሑፍ በአሥራ ስድስት ተበታትኖ እያንዳንዱ ምስክር ብቻውን ይቆማል።

«ይህን ማቃናት የባለ ሀብቱ ኩባንያ ሥራ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ እውነትም አለበት። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘገቡበት መስፈርት፣ በዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ጎግል በ2006 በጀመረው የትርጉም አገልግሎት ውስጥ አማርኛ የተካተተው ግን በ2016 ነው። ገቢው ከማስታወቂያ የሆነ ኩባንያ ገበያው ወደ ሞቀበት ቋንቋ ቢያደላ አያስገርምም፤ ልንሞግተውም ይገባል። ሆኖም ኩባንያው ነገ ሐሳቡን ቢቀይር የሚያነበው ምን አለው? በአማርኛ ውክፔዲያ ያለው መጣጥፍ 15 ሺህ አካባቢ ነው፤ በእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ አለ። ባዶ ጎተራ ላይ የተሻለ ቁልፍ መግጠም እህል አያስገኝም።

ሌላው ተቃውሞ «ሕዝቡ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው፤ ድረ ገጽ ማን ያያል?» የሚለው ነው። ቴሌግራም ዛሬ የሆነውን ለማድረስ ወደር የለውም። ፍለጋ የሚያስፈልገው ግን ሰው ጉዳዩ በገጠመው ቀን ነው፤ የካሳ መመሪያው ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ መሬቱ የተነካበት ሰው ያኔ በየትኛው ቻናል እንደተለጠፈ ሊያውቅ አይችልም። «ከእንግዲህ ሰው የሚጠይቀው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ነው፤ ፍለጋ ጊዜው አልፎበታል» የሚሉም አሉ። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚማሩት ያው በኢንተርኔት ላይ ከተጻፈው ነው፤ ብዙዎቹም መልስ ሲሰጡ ከፍለጋ ውጤት ይቀዳሉ። መፈለጊያ ቢያንስ ሲያጣ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ እነዚህ ግን ጽሑፍ ባነሰበት ቦታ በእርግጠኛ አንደበት የተሳሳተ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ አዲሱ ቴክኖሎጂ የመጻፍን ግዴታ ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በኮምፒውተር የተጻፈ ነው፤ ፎቶው ከሚለጠፍበት ሰዓት ላይ አምስት ደቂቃ ተጨምሮ ጽሑፉ ራሱ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ በማይቀየር አድራሻ ሊቀመጥ ይችላል፤ ርእሱ ላይ የቦታው ስምና ቀኑ ይግባ። ማንም የለመደውን ፊደል እንዲጥል ማስገደድ አያስፈልግም፤ በገጹ መጀመሪያ የስሙን ልዩ ልዩ አጻጻፎች፣ የኦሮምኛውንና የሶማሊኛውንም ጭምር፣ አንድ ጊዜ መዘርዘር ይበቃል። ጋዜጦች ዜና ሲሠሩ ወደ ዋናው ሰነድ ማያያዣ ያስገቡ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ አካባቢያቸው ያጠኑትን በመደርደሪያ ከማኖር ይልቅ በድረ ገጽ ያውጡት። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ገጽ በመልካው ላይ አንድ የእግር ዱካ ነው። ከመልካ ጀብዱ የተነሣ ሥራ ፈላጊ የሰፈሩን ስም ጽፎ ሲጫን ከጀግኖች ታሪክ በፊት የራሱ ጉዳይ እንዲመጣለት፣ ጉዳዩን በእጁ የያዘው ሰው አስቀድሞ ጽፎ ማስቀመጥ አለበት።