«ቢታ ውስጥ ምን የሚሳል አለ ቲቸር?»

የተማሪ ደብተር ሳርም የመጨረሻው ገጽ ላይ ኤረንና ሚካሳ አይጠፉም። ስዕሉን ቀዶ የሚጥል መምህር አለ፤ እኔ አልስማማም። እጁ እንዲህ የተፈታ ልጅ ይበረታታል እንጂ አይቀጣም።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። «የራሳችሁን አገርስ?» ስላቸው መልሳቸው ከላይ ያለው ነው። የ«አታክ ኦን ታይታን» ደራሲ ሀጂሜ ኢሳያማ እኮ ያደገው ኦያማ በምትባል፣ ዙሪያዋን ተራራ በከበባት የገጠር ከተማ ነው! የዚያ የግንቡ ሐሳብ ከተራራ መሀል ከማደጉ ጋር እንደሚያያዝ ራሱ ተናግሯል። ዛሬ ኦያማ ግድብ ስር የኤረን፣ የሚካሳና የአርሚን ሐውልት ቆሞ አድናቂ ፎቶ ይነሳበታል።

እኛስ? ግንብ ቢቀር ጉድባ ነበረን። የካፋ ነገሥታት ድንበራቸውን በጥልቅ ጉድባና በበር አጥረው ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1897 ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እስኪማረኩ ድረስ። ጉም የማይለየው የቡና ጫካችንስ? ሚያዛኪ «ፕሪንሰስ ሞኖኖኬ»ን ሊሠራ ሲነሳ ያኩሺማ ደሴት ድረስ ሄዶ ነው ጥንታዊ ደን ያየው። የኛ ልጆች ከቤት ወጣ ቢሉ ይበቃል።

እስቲ አንድ ገጽ ሞክሩና በኢንቦክስ ላኩልኝ። በእስክሪብቶም ይሁን ግድ የለም፤ ኔትወርክ ከፈቀደ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።