ላምባ የሸተተው ወይን

ከጀርመን የመጣ ዘመድ አሶሳ ድረስ አንድ ጠርሙስ አሮጌ ደረቅ ሪዝሊንግ ይዞላችሁ መጣ እንበል። ቡሹን ስትነቅሉት ላምባ ላምባ ይሸታል። ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትደፉት! ይህ ነጭ ወይን ሲያረጅ ቲዲኤን የተባለ ውህድ ይፈጠርበታል፤ ሽታው የዚያ ነው። የሚደፋው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሲል ነው።

ትንሽ ታገሡት፤ ከላምባው ቀጥሎ ማርና የሎሚ ልጣጭ ይመጣል። ማሩ ግን በአፍንጫ እንጂ በምላስ አይገኝም። ስኳሩ ወደ አልኮል ስለተለወጠ ጠጅ የለመደ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል። የአሶሳ ማንጎ አብራችሁ አታቅርቡ፤ ጣፋጩ ወይኑን ያኮመጥጠዋል። የተጠበሰ ዓሣ ይስማማዋል።

የየካቲትና የመጋቢት ሙቀት ጠላቱ ነውና ቴሌቪዥኑ አጠገብ ለጌጥ አታቁሙት። ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፤ ከመቅዳታችሁ 15 ደቂቃ በፊት አውጡት። ለማይጠጣው ጎረቤት ደግሞ ብርዝ አዘጋጁ።