ኤሊን በቤት ውስጥ ስለ ማኖር

ኤሊ ቤቷን በጀርባዋ ተሸክማ የምትዞር ፍጥረት ናትና ሌላ ቤት አያሻትም የሚለው አነጋገር በብዙ ሰው አፍ የኖረ ቢሆንም፥ የእንስሳትን ተፈጥሮ የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ድንጋይ መስሎ የሚታየው ልብሷ ከጎድኗና ከአከርካሪዋ ጋራ ተዋሕዶ የበቀለ፥ ደምና ስሜት ያለው የገዛ አካሏ ነው እንጂ ከብርድ የሚያስጥላት ጎጆ አይደለም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፥ በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም፥ ክረምቱ በረዶ በሆነበት አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸው እንስሳ ለማሳደግ ሲለምኗቸው፥ ውሻ ይጮኻል፥ ድመት ጠጉር ታረግፋለች ብለው ዝምተኛዋን ኤሊ ሲመርጡ፥ ዝምታዋን እንደ አለመቸገር ቈጥረው እንዳይሳሳቱ በማሰብ ነው።

ፈጣሪ ለሰው በእንስሳት ላይ ሥልጣን በሰጠው ጊዜ አደራም አብሮ እንደ ጣለበት፥ ሕገ ኦሪትም በሰንበት ቀን ሰው ብቻ ሳይሆን በሬውና አህያውም ያርፉ ዘንድ ማዘዙን የሚያውቅ ኅሊና፥ አንዲትን ፍጥረት ከፀሐይዋ ለይቶ በአራት ግድግዳ ውስጥ ሲያኖራት፥ ያስቀረባትን ፀሐይ የመተካት ዕዳ እንዳለበት ሊዘነጋ አይገባውም። ኤሊ ሙቀቷን ከውጭ ትቀበላለች እንጂ እንደ እኛ ከገዛ ሥጋዋ አታመነጭም፤ ካልሞቀችም የበላችው በሚገባ አይፈጭላትም። ከዚህም በላይ፥ አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው በዓይን የማይታይ የፀሐይ ጨረር ቆዳዋን ሲያገኘው በሰውነቷ ውስጥ ቫይታሚን ዲ 3 ይሠራል፤ ያለ እርሱም ካልሲየም ከአንጀቷ ወደ አጥንቷ ስለማያልፍ፥ ጨረሩን ያጣች ጨቅላ ኤሊ ልብሷ በአውራ ጣት ሲጫኑት እስኪጎደጉድ ድረስ ይለሰልሳል፤ እግሮቿም ደረቷን ከመሬት ማንሣት ይሳናቸዋል።

ከመስኮት አጠገብ አኖራታለሁ፥ የምትገባውም ፀሐይ ትበቃታለች የሚል ሰው ብርሃኑን እንጂ ጨረሩን አልሰጣትም፤ የመስኮት መስታወት ብርሃኑን አሳልፎ ያንን ጨረር ያስቀረዋልና። ስለዚህ የሚያሞቅ አምፖልና ይህን ጨረር የሚሰጥ ልዩ መብራት በአንድ ወገን ይሰቀላሉ፤ ከሥራቸው የተነጠፈው ጠፍጣፋ ድንጋይ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ፥ ማዶው ጫፍ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ይሆንና ኤሊዋ እንደ ፈቃዷ ከሙቁ ወደ ቀዝቃዛው ትመላለሳለች። መብራቱ በቀን 12 ሰዓት ያህል በርቶ ሌሊት ይጠፋል። ብዙዎችን የሚያታልለው ግን የጨረሩ ኃይል ከብርሃኑ ቀድሞ መድከሙ ነው፤ መብራቱ ደምቆ እየታየ ጨረሩ ያለቀ ሊሆን ስለሚችል፥ እንደ ዓይነቱ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ መለወጥ አለበት። በዚህ ነገር ላይ የሚደረገውን ቊጠባ እኔ ከጭካኔ አልለየውም።

ቤቷ ሰፊ እንጂ ከፍ ያለ መሆን አያስፈልገውም። ለጨቅላዪቱ ቢያንስ 120 በ60 ሴንቲ ሜትር፥ ላደገችው የሜዲትራኒያን ኤሊ ደግሞ 240 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ፥ ዙሪያው በጣውላ የተከበበ፥ ላዩ ክፍት ሣጥን ይበቃታል። የመስታወት ሣጥን ለባለቤቱ ዓይን ያማረ ቢሆንም ለእርሷ መከራ ነው፤ የምታየው ሜዳ የተዘጋ መሆኑን ስለማትረዳ፥ በመስታወቱ ሥር ወዲያና ወዲህ እያለች በአፍንጫዋና በፊት እግሯ ጥፍር ስትፍቀው ትውላለች። ወለሉ ማዳበሪያ ያልነካው አፈርና አሸዋ ተደባልቆ፥ ገብታ ልትቀበርበት እስክትችል ድረስ ይወፍራል።

ደረቅነት ለኤሊ ይስማማታል የሚለውም አሳብ ሊታረም ይገባል። ቪስነርና ኢበን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፥ ሱልካታ የተባለችው ኤሊ ጨቅሎች ልብስ እየጎበጠ የሚያድገው ከምግባቸው ይልቅ በአየሩ መድረቅ ምክንያት መሆኑን አሳይተዋል። ሱልካታ የበረሃ ዳር እንስሳ ብትሆንም በጉድጓድ እርጥበት ውስጥ ትጠለላለችና ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። ስለዚህ በሣጥኑ አንድ ማዕዘን አፈሩ እርጥብ የሆነ መሸሸጊያ ይበጅላት፤ ጨቅላዪቱም በሳምንት ጥቂት ጊዜ አገጯን በማያልፍ ለብ ያለ ውሃ ትነከር። ምግቧ ጎርጠብንና ማገጥን የመሰለ የሜዳ ቅጠል ነው፤ ዳቦና ሥጋ አይገባትም። ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋስ ስለምትሸከም፥ የነካት ልጅ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1975 ልብሳቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህችው ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ አገራችንና እስከ ኤርትራ በተዘረጋው ቆላ የምትገኘው ሱልካታ፥ የአገር ልጅ ናት በሚል ናፍቆት ልትገዛ አይገባም። ገና ስትፈለፈል በመዳፍ የምትያዝ ስትሆን፥ አድጋ ከ50 ኪሎ በላይ ልትመዝን ትችላለች፤ ምድርን መቈፈርም ጠባይዋ ስለሆነ በፎቅ ቤት የሚበቃት ክፍል የለም። ለጀማሪ የምትሻለው፥ ርዝመቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ሴንቲ ሜትር የማያልፈው የሄርማን ኤሊ ናት፤ እርስዋም በአውሮፓ ስትሸጥ ሕጋዊ ወረቀት ሊኖራት ግድ ነው። ዕድሜዋንም ማሰብ ያሻል፤ ጊልበርት ኋይት የተባለው እንግሊዛዊ ቄስና የተፈጥሮ ጸሐፊ ከአክስቱ የወረሳት ጢሞቴዎስ የምትባል ኤሊ፥ አክስቱም እርሱም ካለፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1794 ሞታለች።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁን ወደ ሱቅ ከመውሰዳችሁ በፊት ሣጥኑን ሥሩ፥ መብራቱን ስቀሉ፥ ቴርሞሜትሩንም በሁለቱ ጫፍ አኑራችሁ አንድ ሳምንት ያህል ጠዋትና ማታ ተመልከቱት። ሙቀቱ ጸንቶ ከተገኘ ኤሊዋን አምጧት፤ ለዚህ የሚሆን ቦታ፥ ገንዘብ ወይም ትዕግሥት ከሌላችሁ ግን ልጁን በፍቅር እምቢ በሉት።