ሐይቅን ዳር ደርሰን ከምንመለስ በእግራችን እንዙረው

እንደሚታወቀው ኅዳር በመጣ ቁጥር በግቢያችን የሽርሽር ወሬ ይነሣል። ዘንድሮም ተነሥቷል። መዋጮው ስንት ይሁን፣ መኪናው ከየት ይምጣ፣ የሙዚቃውን ነገር ማን ይያዘው እየተባለ በየመኝታ ክፍሉ ክርክሩ ጦፏል። ቦታው ብቻ አላከራከረም፤ ሁሉም ሐይቅ ብሏል። እኛም ሐይቅ እንላለን። ከብዙዎቹ የምንለየው በአካሄዱ ነው። አሳባችን ባጭሩ ይኸው ነው፦ በአውቶቡስ ውኃው ዳር ደርሰን ከምንመለስ፣ አንድ ቀን ሙሉ መድበን ሐይቁን ዙሪያውን በእግራችን እንዙረው።

ይህን ለቀልድ ያህል የተነገረ አድርጎ የሚወስደው አይጠፋም። የምራችንን ነው።

እስከ ዛሬ የሚደረገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አውቶቡሱ ከሐይቅ ከተማ አልፎ ውኃው ዳር ያራግፈናል። ወንዶቹ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ይገባሉ። ሴቶቹ ሥርዓቱ ስለማይፈቅድ ከውጭ ይቀራሉ፤ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የወንዶቹን ጃኬትና ቦርሳ ይጠብቃሉ። ሙስሊም ጓደኞቻችንም አብዛኞቹ እዚያው ናቸው። ከዚያ ዓሣ ይበላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይጨፈራል፣ ማታ መመለስ ነው። መዋጮውን ያልቻለው ደግሞ ጭራሹን ከግቢ አልወጣም፤ ቅዳሜን ልብስ ሲያጥብ ይውላል። ሲጠየቅም «ጥናት ነበረብኝ» ይላል። ይህ ጉዞ የአንድ ክፍል ጉዞ ነው ወይ?

በገዳሙ ሥርዓት ላይ የምንለው ነገር የለም። የገዳሙ ሥርዓት የገዳሙ ነው፤ ሊከበር ይገባዋል። ግማሹ ሰው በር ላይ እንደሚቀር እየታወቀ ጉዞው በሙሉ በዚያ በር ላይ እንዲያልቅ ማቀድ ግን የአዘጋጁ ጥፋት እንጂ የገዳሙ አይደለም። (በነገራችን ላይ የአገሩ አፈ ታሪክ ምን እንደሚል የሰማችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባትና እግዚአብሔር ተቆጥቶ ዙሪያውን ምድር ውኃ አደረገው፤ ሴቲቱ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደሴት ሆና ቀረች፤ ገዳሙ ያለው እዚያችው ላይ ነው ይላል። ሴት ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ እዚህ አንጽፈውም።)

አሁን ወደ ዕቅዱ እንምጣ። ሐይቁ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በተሁለደሬ ወረዳ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ በተራራ የተከበበ ውኃ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ታዲያ ዙሪያው ስንት ይሆናል? ሒሳብ የምናስተምር ሰዎች አይደለንም እንዴ፤ እንሥራው። 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ፍጹም ክብ ቢሆን ኖሮ ዙሪያው 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆን ነበር። ሐይቁ ግን ክብ አይደለም፤ ይገባል፣ ይወጣል፤ ገዳሙ ያለበት መሬትም ወደ ውኃው ሾልኮ የገባ ነው። መንገዱም ሁልጊዜ ውኃውን ተከትሎ አይሄድም፤ ረግረጉንና ማሳውን ሽሽት ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከ22 ኪሎ ሜትር ባላነሰ ብናስበው ይሻላል።

በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ብንሄድ 7 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ለምሳ፣ ለዕረፍትና ለትምህርቱ 2 ሰዓት ጨምሩበት። ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ከተነሣን ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ላይ ከተነሣንበት ቦታ እንደርሳለን። ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ መጠባበቂያ አለን ማለት ነው። «እኛ እኮ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እንሄዳለን» የሚሉ አሉ። ትሄዱ ይሆናል፤ ዕቅድ የሚወጣው ግን ለናንተ አይደለም፤ በሰዓት 3 ለሚሄደው ነው። ክፍል ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ለተቀመጡት ለሦስቱ ጎበዞች ብቻ አስተምሮ የሚወጣ መምህር ስናይ እናማ የለም እንዴ? እንግዲያው መንገድ ላይም ቀርፋፋው ከፊት ይሁን፤ ጉልበተኛው ከኋላ ይከተል፤ ማንም ከመሪው አይለፍ።

ስለ ዙሪያ መንገድ ሳይታሰብ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። ወደ አንድ ቦታ ሄዶ የሚመለስ ሰው ሲደክመው ባለበት ዞሮ ይመለሳል። ሐይቅ ለሚዞር ሰው ግን እንዲህ አይሆንለትም። ግማሹ ላይ ሲደርስ ወደፊቱም ወደ ኋላውም እኩል ይሆንበታል፤ ያ ቦታ ደግሞ ከዋናው መንገድ ማዶ ለማዶ፣ ባጃጅም ሚኒባስም በቀላሉ የማይገኝበት ምሥራቃዊው ዳር ነው። ስለዚህ ውሳኔው የሚደረገው ግማሹ ላይ ሳይሆን ሢሶው ላይ መሆን አለበት። 7ኛው ኪሎ ሜትር ላይ 4 ሰዓት ሳይሞላ ካልደረስን፣ ወይም አንድ ሰው እንኳ እግሩ ከቆሰለ፣ ሁላችንም እንመለሳለን። «እናንተ ተመለሱ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» የሚባል ነገር አይኖርም። ይህ ቃል ሳንነሣ በፊት ይገባ።

ሰዓቱን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። እንደምታውቁት የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔቶች በጥንት ጊዜ «ዓቃቤ ሰዓት» ተብለው በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበራቸው። እኛም የራሳችንን ዓቃቤ ሰዓት መርጠናል። በክራንች የሚሄደው ጓደኛችን 3 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚችል ራሱ ነግሮናል፤ የመጨረሻውን 3 ኪሎ ሜትር ከኛ ጋር ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ ከመነሻው ላይ ሆኖ የት እንዳለን በየሰዓቱ በሞባይል እየጠየቀ ይመዘግባል፤ ከተባለው ሰዓት ካለፍን ለማን እንደሚደውል ዝርዝሩ እሱ ዘንድ ነው። ባለፈው ጉዞ ይኸው ጓደኛችን «ለአንተ አይመችም» ተብሎ ነው የቀረው። የጠየቀው ሰው አልነበረም።

በመንገዱ ላይ ምን እናያለን ለሚለው መልሱ ብዙ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን የማይታየው ነገር ነው። ከደቡብ በኩል ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣ ወንዝ ይገባበታል፤ ከተራራውም ጅረቶች ይወርዳሉ። የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ሰው ለፈተና ይሸመድደዋል። ዙሪያውን በእግሩ የዞረ ሰው ግን መውጫ አፍ እየፈለገ 22 ኪሎ ሜትር ሄዶ ያጣዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። ከዚያም ጥያቄው ራሱ ይመጣል፦ ሻላና አብያታም መውጫ የላቸውም፤ ውኃቸው ግን ጨዋማ ነው። ታዲያ ሐይቅ ለምን ጨው አልሆነም? ይህን የጂኦግራፊ መምህራችን እዚያው ውኃው ዳር ቆመው ቢያስረዱን እንወዳለን፤ እንዲመጡም በዚሁ አጋጣሚ እንለምናቸዋለን።

ገዳሙም ቢሆን ከውጭ ሲታይ የሚያስተምረው አለው፤ ሴቶችም ወንዶችም እኩል የሚያዩት። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዘመን ያቋቋሙት ትምህርት ቤት እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያፈራ ነው፤ የመምህርነት ሙያ ታሪክ ሲነሣ ሊታለፍ የማይችል ቦታ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ገዳሙን በውኃ የተከበበ ደሴት ላይ እንዳለ፣ መነኮሳቱም በቄጠማ ታንኳ እንደሚሻገሩ ጽፏል። ዛሬ በእግር ይገባል። ውኃው ሸሽቷል ማለት ነው። ከማዶው ሆኖ ያንን አንገት መሰል መሬት ያየ ሰው ይህንን ለማስረዳት ሥዕል አያስፈልገውም።

ተራራዎቹንም ቀና ብለን እንያቸው። ከሐይቅና ከአርዲቦ ወለል የወጣ ጭቃ በውስጡ ባለው የአበባ ብናኝ ተመርምሮ የ3000 ዓመት የደን ታሪክ ተገኝቶበታል፤ ጥናቱ የታተመው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከ2500 ዓመት ገደማ በፊት ዝግባው ተመንጥሮ ቦታው ቁጥቋጦ ሆነ፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ደግሞ ጥዱ ተመልሶ መጣ። የተመነጠረ ተራራ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ለልጆች «ዛፍ ትከሉ» እያልን ስንጮህ ይህን ይዘን ብንጮህ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ወደ ሆድ። መዋጮ አንሰበስብም። የመጓጓዣውን ብቻ እንከፍላለን፤ እሱንም ላልቻለ ሰው ስሙ ሳይነሣ ከክፍሉ ሣጥን ይሸፈናል። ስንቁ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነው። ጾመኛውም የሚበላው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ፌስታል የሚዘግነው ይህ ነው፤ የወሎ ልጅ ይህን ማስተማር የሚያስፈልገው አይመስለንም። ውኃ ለአንድ ሰው ሁለት ትልልቅ ሃይላንድ፣ ከግቢ ተሞልቶ። ከሐይቁ አይጠጣም። ወደ ውኃውም አይገባም፤ ቢልሃርዝያ በአካባቢው የታወቀ ነው፤ ዋና እናውቃለን የምትሉ ሌላ ቦታ አሳዩን። ዓሣ ለሚወድ፣ ስንመለስ ገዝቶ መብላት ይችላል። ይህ ዓሣ ራሱ ታሪክ አለው፤ ቆሮሶው ከሌላ ቦታ መጥቶ ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ኅዳር የአዝመራ ጊዜ ነው። የገበሬ ማሳ አቋርጦ ማለፍ ክልክል ነው፤ ወሰን ለወሰን እንሄዳለን፤ ጫት ማሳ አጠገብም ቆሞ ፎቶ መነሣት ይቅር። ገበሬው «ምን ጠፍቷችሁ ነው የምትዞሩት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ቆመን፣ ሰላምታ ሰጥተን፣ በትህትና እንመልስለት። ማን ያውቃል፣ ልጁን ከርሞ የምናስተምረው እኛው እንሆናለን።

ተቃውሞም ሰምተናል። አንዳንድ መምህራን «ጊዜው አስተማማኝ አይደለም» ብለዋል። ይህ ተራ ፍርሃት አይደለም። አካባቢው በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያየውን አይቷል፤ ከዚያ ወዲህም መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ከርሟል። ስለዚህ ከሳምንት በፊት ሁለት ሰዎች ቀድመው ሄደው የወረዳውንና የቀበሌውን ሰዎች፣ ከዚያም የአገር ሽማግሌዎችን ይጠይቁ፤ ወንዙ የት ላይ እንደሚሻገር፣ ረግረጉ የት እንደሆነ በዓይናቸው ይዩ። የሳተላይት ፎቶ መንገዱን ያሳያል፣ ውሻውን አያሳይም። «አትምጡ» ከተባለ አንሄድም፤ ቀን እንለውጣለን እንጂ ጀግንነት አያስፈልግም።

ሌሎቹ ደግሞ «መምህር መሆንና ሐይቅ መዞር ምን አገናኛቸው?» ይላሉ። ከርሞ እኮ 60 ልጅ ይዘን ወንዝ ዳር የምንወጣ እኛ ነን። የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፉ «ተማሪዎችን አስወጥተህ አሳይ» ሲለን፣ እንዴት እንደሚቆጠሩ፣ ማን ከኋላ እንደሚሆን፣ ሴት ልጆቹ የት ዞር እንደሚሉ አስበን የማናውቅ ከሆነ አናስወጣቸውም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሐይቅ ሥለን እንቀራለን። የሴቶቹን ጉዳይ ካነሣን አይቀር፣ በአዘጋጅ ኮሚቴው ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሴት እጩ መምህራን ይግቡ፤ የማረፊያ ቦታዎቹን እነሱ ይምረጡ። ወንዶች ያወጡት ዕቅድ ይህን ሁልጊዜ ይረሳዋል።

ኮሚቴው ሐሙስ ከእራት በኋላ ይሰበሰባል። መምጣት የምትፈልጉ ከዚህ ጋዜጣ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ስማችሁንና የጫማ ቁጥራችሁን ጻፉ። በኮንጎ ጫማ 22 ኪሎ ሜትር አይኬድም፤ በሸበጥማ አይታሰብም። ስለዚህ ሁለት ጫማ ያላቸው አንዱን እንዲያውሱ እያነጋገርን ነው። እስካሁን 40 ሁለት፣ 41 ሦስት፣ 42 አንድ አግኝተናል። 37 እና 38 ያላችሁ፣ እባካችሁ እስከ ረቡዕ አሳውቁን።