ትክክሉ የለመድነው ብቻ ነው ወይ?

በሙዚቃ ትምህርት ጊዜ አንድ የታወቀ ክላሲካል ሥራ በሌላ ሰው አጨዋወት ሲሰማ፣ ከመካከላችን «ኧረ ይኼ ተበላሽቷል!» የሚል አይጠፋም። ለምን ተበላሸ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ «እንደዚያኛው አይደለማ!» ነው። ይህ አነጋገር እኛን ዕጩ መምህራንን ሊያሳስበን ይገባል እንላለን።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጀርመናዊው ባኽ እ.ኤ.አ. በ1741 ያሳተመው «የጎልድበርግ ቫሪየሽኖች» የተባለ ሥራ አለ፤ አንድ አሪያና 30 ልውጦቹን የያዘ ነው። ካናዳዊው ፒያኖ ተጫዋች ግሌን ጉልድ በ1955 ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ በሸክላ አስቀረጸው። ፍጥነቱ ጉድ ነበር፤ በ38 ደቂቃ ገደማ ጨረሰው። ብዙ ሰው ያንን ሸክላ ወደደ፤ ጆሮውም ለመደው። ዳሩ ግን ጉልድ ራሱ በ1981 እንደገና ሲያስቀርጸው 51 ደቂቃ ያህል ፈጀበት። አንዳንድ ክፍሎችን ስለደገመ ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ ሁለት ደቂቃ ያልሞላው የመክፈቻው አሪያ እንኳ ሦስት ደቂቃ ሆነ። ኖታው ያው፣ ተጫዋቹም ያው። ታዲያ ትክክሉ የትኛው ነው?

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ባኽ ሥራውን የጻፈው ሁለት ረድፍ ቁልፍ ላለው ሃርፕሲኮርድ እንጂ ለዛሬው ፒያኖ አይደለም። የአብዛኞቹን ክፍሎች ፍጥነትም አልወሰነም። ስለዚህ «የጥንቱ» እያልን የምንሟገትለት የ1955ቱ አጨዋወት ራሱ በጊዜው አዲስ ነበር ማለት ነው። በአገራችንም ቢሆን ሽለላ የሰው ጉሮሮ ሀብት ነበር፤ ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን ሲሸልል ግን ሽለላነቱ አልጠፋም።

እርግጥ አዲስ ሁሉ ጥሩ ነው አንልም። ኖታውን የጣሰ ወይም ለመታየት ብቻ የሮጠ ተጫዋች ቢነቀፍ ተገቢ ነው። ነቀፋው ግን እስከ መጨረሻው ከተሰማ በኋላ፣ በምክንያት ይሁን።

ነገ ክፍል ስንገባ አንድን ግጥም አንዱ ልጅ እንደ ሐዘን፣ ሌላው እንደ ቀልድ ያነበዋል። «እኔ እንደማውቀው አይደለም፣ ቁጭ በል!» ካልነው ልጁ የሚማረው ግጥሙን ሳይሆን ዝምታን ነው። እንግዲህ ጆሯችንን ከአሁኑ እናሠልጥን። አንዱን ሥራ በሁለት ተጫዋቾች አጨዋወት ደጋግመን እንስማ፤ ከዚያ እንከራከር። መምህሮቻችንም «የቱ ይሻላል?» ብቻ ሳይሆን «ምን ተለወጠ?» ብለው ቢጠይቁን ደስ ይለናል።