የሩቅ ውቅያኖስ መረጃ ከዘር በፊት ይድረስ

በአርሲ ነገሌ ወረዳ ሚያዝያና ግንቦት የዓመቱ ምርት የሚወሰንባቸው ወራት ናቸው። በቆሎ በእነዚህ ወራት ይዘራል፤ የስንዴ ማሳም ለሰኔ ይታረሳል። የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ወጪው አስቀድሞ ይወጣል። ዝናቡ ከዘገየ ወይም ቀድሞ ከወጣ፣ በተለይ ወደ ላንጋኖና አብያታ ሐይቆች በሚያዘቀዝቁ ቀበሌዎች፣ ጉዳቱን የሚሸከመው አርሶ አደሩ ነው።

ይህ ዝናብ ግን በአካባቢው ሰማይ ብቻ የሚወሰን አይደለም። የክረምቱን እርጥበት የሚያመጡት ነፋሳት ከህንድና ከአትላንቲክ ውቅያኖሶች የሚነሱ ናቸው። የፓስፊክ ውቅያኖስ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል ከመደበኛው በግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሞቆ ለወራት ሲቆይ ኤልኒኖ ይባላል። ይህ ሙቀት የዓለምን የአየር ዝውውር ስለሚያዛባ የአገራችን የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የታየው ይኸው ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖች የዕለት ደራሽ እርዳታ ፈላጊ ሆነዋል።

ውቅያኖሱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ላኒና ይባላል። ላኒና ክረምቱን ሊያጠናክር ቢችልም በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች ድርቅ ያስከትላል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲጓደሉ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል በመሞቁም ያለወቅቱ የጣለው ዝናብ በመሰብሰብ ላይ የነበረን ሰብል ጎድቷል።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት እነዚህን ውቅያኖሶች እየተከታተለ የወቅት ትንበያ ያወጣል። ችግሩ የጊዜ ጉዳይ ነው። የክረምቱ ትንበያ ብዙ ጊዜ የሚገለጸው በግንቦት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ አብዛኛው በቆሎ ተዘርቷል፤ የዘር አቅርቦቱም አልቋል። ስለዚህ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ግንቦትን መጠበቅ የለባቸውም። የውቅያኖሱ ሁኔታ በጥርና በየካቲት ፍንጭ ሲሰጥ፣ ረጅም ጊዜ ከሚፈጀው ዘር ጎን ለጎን እንደ መልካሳ-2 ያሉ ቶሎ የሚደርሱ የበቆሎ ዝርያዎችን ለቆላማ ቀበሌዎች ማዘጋጀት ይገባቸዋል።

ትንበያ ዕድልን እንጂ እርግጠኝነትን አይነግርም። ሁሉም ኤልኒኖ ድርቅ አያመጣም። በመሆኑም አርሶ አደሩ ማሳውን በሙሉ በአንድ ዝርያ ከመሸፈን ይልቅ ከፋፍሎ ቢዘራ፣ የዝናብ ውኃን በማሳው ቢያስቀር፣ የደረሰውንም ሰብል ፈጥኖ ቢሰበስብ ትንበያው ቢስት እንኳ ኪሳራው ሊቀንስለት ይችላል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም መረጃውን በሠንጠረዥ ሳይሆን አርሶ አደሩ በሚናገረው ቋንቋ፣ በየቀበሌው ምን፣ መቼና የት እንደሚዘራ በሚያመለክት ምክር ሊያደርሱት ይገባል። ከቢሮ ያልወጣ ትንበያ ለማሳ አይጠቅምም።