አመል አይደለም፣ በሽታ ነው

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ስንት ድመት እንዳስባረረ የቆጠረ የለም። ማንቡክ ውስጥ ምድጃ ሥር አመድ የምትልስ፣ የምትጸዳዳበትን አሸዋ መልሳ የምታኝክ ድመት ብትገኝ የመጀመሪያው ፍርድ የታወቀ ነው፤ «አመሏ ተበላሸ»። ሁለተኛው ፍርድ መጥረጊያ ነው። ሦስተኛው ከቤት ማባረር። የድመቷ አመል ግን አልተበላሸም። ያነሰው ደሟ ነው፤ ወይም የደከመው ኩላሊቷ።

ምግብ ያልሆነ ነገር መብላት በሕክምናው ዓለም ስም ያለው ምልክት ነው፤ ፒካ ይሉታል። ገና ጡት የጣለች ግልገል አሸዋ ብትቀምስ ያገኘችውን ሁሉ በአፏ እየፈተነች ነውና ብዙ አያስጨንቅም። ዓመታት የኖረች ድመት ድንገት አሸዋና አመድ መብላት ስትጀምር ግን ጥሩ ሐኪም መጀመሪያ ከንፈሯን ገልጦ ድዷን ያያል። ድዱ ከነጣ ደም ማነስ ይጠረጥራል። ከደም ማነሱ ጀርባ ደግሞ ቁንጫ፣ የአንጀት ትል፣ በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ የሚኖር ተዋሲያን ወይም ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ሊኖር ይችላል። ኩላሊት ሽንት ማጣሪያ ብቻ አይደለም፤ መቅኒ ደም እንዲሠራ የሚያዘውም እሱ ነው። ሲደክም ትእዛዙ ይቆማል፣ ደሙም ይቀጥናል። አሸዋው ራሱም ሌላ ጣጣ ያመጣል። ከቤንቶናይት ሸክላ የተሠራ የድመት አሸዋ ትበላ የነበረች አንዲት ድመት ደሟ አንሶ፣ ፖታሲየሟ ወርዶ መገኘቷን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1996 ጽፈዋል። ሕመሙ አሸዋ ያስበላል፣ አሸዋው ሕመሙን ያብሳል። መጥረጊያ በዚህ መሐል የቱን ያድናል?

«ሰው በተገደለበትና በተፈናቀለበት መተከል ደግሞ ስለ ድመት ይወራል?» የሚል ይኖራል። በ2013 ዓ.ም. በቡለን የሆነውን የሚያስታውስ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ተፈናቅሎ የተመለሰ ገበሬ መጀመሪያ ምን እንደሚፈልግ ይጠየቅ። በሬ ነው። ማሽላውንና ሰሊጡን ከአይጥ የምትጠብቅለትም ያቺው አመድ ላሿ ድመት ናት። ደግሞስ በድመቷ ላይ የተሰጠው ፍርድ መች እሷ ላይ ቆመ?

በሬው አፈር ይልሳል። ላሟ አጥንት ትቆረጥማለች፣ ገመድና ጨርቅ ታኝካለች፣ ፌስታል ትውጣለች። (ስስ ፌስታል በአዋጅ ቁጥር 513 ከታገደ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ዓመት እንደሆነ አንባቢ ያስላው።) እረኛው «ሆዳም» ይላታል፤ እሷም ጥፋተኛ ሆና ትገረፋለች። መተከል ግን የገንዲ አገር ነው። የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ተዋሲያን ቀይ ደምን ያወድማል፤ ከብቱ ይከሳል፣ ጸጉሩ ይቆማል፣ ቀንበር መሸከም ያቅተዋል። ደሙ ያለቀበት ከብት መሬት ቢልስ ምን ይገርማል?

አጥንት መቆርጠሙ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የዛሬ 100 ዓመት ገደማ አርኖልድ ቴይለር የተባለ የእንስሳት ሐኪም በደቡብ አፍሪካ በመንጋ የሚያልቁ ከብቶችን ሲያጠና፣ ከብቶቹ የጥንብ አጥንት የሚቆረጥሙት ግጦሹ ፎስፈረስ ስላጠረው መሆኑን አገኘ። የሚገድላቸው በአጥንቱ ላይ በበሰበሰው ሥጋ ውስጥ ያለው መርዝ ነበር። መድኃኒቱ ዱላ አልነበረም፤ የአጥንት ዱቄት ነበር። የአገራችን አርብቶ አደርስ ለከብቱ ቦሌ አፈርና አሞሌ የሚያቀርበው ለምንድን ነው? ከብት ሲጎድለው እንደሚልስ ከቴይለር በፊት ያውቅ ነበር። ይህን እውቀት ያስረሳው «አመል ነው» የሚለው የከተሜ ፍርድ ነው።

ከፍርዱ የባሰው ግን በጭፍን የሚወጋው መርፌ ነው። ከብት በከሳ ቁጥር ቤረኒል ከገበያ ይገዛል፤ በግምት ይበጠበጣል፣ በግምት ይወጋል። የጎደለው ፎስፈረስ ከሆነ፣ ሆዱን የዘጋው ፌስታል ከሆነ፣ የሚመጠምጠው ትል ከሆነ ቤረኒል ምን ሊያደርግ? እውነት ገንዲ ከሆነም በግማሽ መጠን የተወጋው መድኃኒት ተዋሲያኑን ከመግደል ይልቅ ያለማምደዋል። ይህ ሥጋት ብቻ አይደለም። በመተከል ከብቶች ላይ የተሠራ ጥናት ለዲሚናዚንም (ቤረኒል ማለት እሱ ነው) ለአይሶሜታሚዲየምም የማይበገር የገንዲ ተዋሲያን መገኘቱን አክታ ትሮፒካ በተባለው መጽሔት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈው። ማስጠንቀቂያው የመጣው ከዚሁ ከመተከል በረት ነበር።

የሚጠየቀው ነገር ደግሞ ሰማይ የራቀ አይደለም። ከከብቱ ጆሮ አንድ ጠብታ ደም ተወስዶ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ ጠረጴዛ ላይ በምትቀመጥ መሣሪያ ይሽከረከራል፣ የቀይ ደሙ ድርሻ በማስመሪያ ይለካል። ከ24 በመቶ በታች ከሆነ ከብቱ ደም አንሶታል። ተዋሲያኑም በዚያው ቱቦ በማይክሮስኮፕ ይፈለጋል። ለድመትም ዘዴው ያው ነው። በቃሊቲ መካን ወንድ የቆላ ዝንብ አርብታ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ የለቀቀች አገር፣ የዳንጉር ጎረቤት በሆነችው ጉባ 5,150 ሜጋ ዋት ግድብ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ያስመረቀች አገር፣ ይህችን መሣሪያ ለየወረዳው ክሊኒክ ማዳረስና መብራት መስጠት አቃታት ቢባል ማን ያምናል? የክልሉ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ያለው አሶሳ ነው፤ ዓባይ ማዶ። የማንቡክ ገበሬ የታመመ በሬውን እየነዳ ዓባይን እንዲሻገር ነው የሚጠበቀው?

ቸል የማይባል አንድ ነገር ደግሞ አለ። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው እንስሳም ድንጋይ፣ እንጨትና አፈር ይበላል። ትናንት ደህና የነበረ ውሻ፣ ድመት ወይም ጥጃ ድንገት ያልለመደውን መብላት ከጀመረ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው «ምን ዋጥክ?» ብሎ እጅን አፉ ውስጥ መክተት ሕይወት ያስከፍላል። የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን ወዲያው በውኃና በሳሙና አብዝቶ አጥቦ ጤና ተቋም መድረስ አለበት። አመል ነው ብሎ የተወው ሰው ይህንንም አብሮ ይተዋል።

ፍርዱ ሰው ላይም ደርሷል። አፈር ያማራት እርጉዝ ሴት ተደብቃ የምትበላው ስለምትሳቅባት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶዎቹ ደም አንሷቸው ተገኝተዋል። በወሊድ ሰዓት ደም ቢፈሳት ቀድሞውኑ የሳሳ ደም ያላት እናት የመትረፍ ዕድሏ ጠባብ ነው። ሳይሳቅባት «አፈር ያምርሻል ወይ?» ብትባል፣ ደሟ ቢለካ፣ የብረት እንክብል ቢሰጣት ብዙ ነገር ይቀየራል።

የሚቀጥለው የከብት ክትባት ዘመቻ ወደ ዳንጉር ቀበሌዎች ሲወጣ ከሲሪንጁ ጋር ያቺን መሣሪያ ይጫን። የወረዳው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ስንት ከብት ተከተበ ከሚለው ሪፖርት ቀጥሎ የስንቱ ደም ታየ ብሎ ይጠይቅ። ማንቡክ ያለችው ባለቤትም መጥረጊያውን ከማንሳቷ በፊት የድመቷን ከንፈር ገለጥ አድርጋ ድዷን ትይ።